አንዱ የሚያደንቀውን ሌላው ለምን ያወግዛል? የታሪክ ሰዎችና የአድናቆት አሠራር

የካቲት በገባ ቁጥር የዐድዋ በዓል ዝግጅትና አንድ የቆየ ሙግት አብረው ይመጣሉ። የዳግማዊ ምኒልክን ምስል በካናቴራው ላይ አሳትሞ አደባባይ የሚወጣ አለ፤ ያንኑ ምስል ሲያይ አያቶቹ በጦር የተያዙበት፣ መሬታቸውን አጥተው ገባር የሆኑበት ዘመን የሚታወሰው አለ። ሁለቱም ይጽፋሉ፣ ሁለቱም ይቆጣሉ፣ ሁለቱም «ታሪክ አንብብ» ይባባላሉ። በዓሉ ሲያልፍ ነገሩ ይዳፈናል፤ አንድ ሐውልት ሲመረቅ ወይም ሲፈርስ፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሲቀየር እንደገና ይቀጣጠላል።

«ታሪክ አንብብ» የሚለው ምክር የችግሩ ሥር የእውቀት ማነስ ነው ከሚል ግምት ይነሣል። ግምቱ ሩቅ አያስኬድም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በምኒልክ የተመራው የኢትዮጵያ ጦር ጣሊያንን ማሸነፉን በቁም ነገር የሚክድ የለም። ከዚያ በፊትና በኋላ በአርሲ፣ በወላይታና በከፋ የተካሄዱት ዘመቻዎች ብዙ ደም የፈሰሰባቸው መሆኑንም ታሪክ ያነበበ ሰው አይክድም። ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚለያዩት ከመረጃው በኋላ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው፤ አንድን የታሪክ ሰው ማድነቅ ማለት ከሕይወቱ የቱን ያህሉን መቀበል ነው? አድናቆቱስ ከየት መጣ? በማን እጅ ተሠርቶ፣ በምን መንገድ ደረሰን?

የምናውቀውን ሰው ማድነቅና የተነገረንን ሰው ማድነቅ

ጓደኛውን የሚያደንቅ ሰው ጓደኛው ምን ጉድለት እንዳለበት ያውቃል። ቀጠሮ አያከብርም፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም፤ ነገር ግን የታመመ ጎረቤቱን ሦስት ወር አስታምሟል። አድናቆቱ የተያዘው በዚያ ሥራ ላይ ነውና ሌላው ጉድለት ሲነሣ አይናድም። «እሱማ እንዲህ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የታሪክ ሰው በዚህ መንገድ አይደርሰንም። የሚደርሰን በመማሪያ መጽሐፍ፣ በሐውልት፣ በመንገድ ስም፣ በፉከራና በዘፈን፣ ተጠቅልሎና ታስሮ ነው። ውስጡን ለይተን አላየነውምና ከፊሉን ብቻ ለመውሰድ ዕድል አናገኝም። ስለዚህ አንድ ጉድለት በተጠቀሰ ጊዜ ጥቅልሉ በሙሉ የተነካ ይመስለናል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ዝንባሌ ሃሎ ኢፌክት ይሉታል፤ በቅዱሳን ሥዕል ራስ ዙሪያ ከሚሣለው የብርሃን አክሊል የተወሰደ ስያሜ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጥናት የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ ተመለከተ። በቁመናው ጥሩ ነጥብ ያገኘ ወታደር በአእምሮውም፣ በመሪነቱም፣ በጠባዩም ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር፤ አንዱ መልካም ባሕርይ ሌሎቹንም አብርቶ ያሳያል ማለት ነው። መኮንኖቹ ወታደሮቹን በዓይናቸው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። በመቶ ዓመት ርቀት ላይ ያለን ሰው የሚመዝን ደግሞ ብርሃኑን እንጂ ሰውየውን የማየት ዕድል የለውም።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956፣ ቴሌቪዥን በአሜሪካ ቤቶች በተስፋፋበት ጊዜ፣ ተመልካቹ ከስክሪኑ ሰው ጋር የሚመሠርተውን ትስስር ፓራሶሻል ብለው ሰየሙት። አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ወዳጅነት ነው። ተመልካቹ ዝነኛውን እንደ ዘመዱ ይቆጥራል፤ ዝነኛው ግን ተመልካቹ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ዛሬ ለሞተ ንጉሥ፣ ለሩጫ ጀግናና ለዘፋኝ የሚሰማን ቅርበት ብዙው የዚህ ዓይነት ነው፤ ስድቡ ለእነርሱ ሲሰነዘር እኛ የምንታመመውም ስለዚህ ነው።

የሚደነቀው ሰው ርቀት ሌላም ውጤት አለው። ፔኔሎፔ ሎክውድና ዚቫ ኩንዳ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አያያዝ ተማሪዎችን ስለ አንድ እጅግ የተሳካለት የአራተኛ ዓመት ተማሪ አስነበቧቸው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹ ተነቃቁ፤ ገና ጊዜ ነበራቸው። የአራተኛ ዓመቶቹ ግን አልተነቃቁም፤ እዚያ ለመድረስ የቀራቸው ጊዜ አልነበረም። አድናቆት ሰውን ወደ ሥራ የሚገፋው ተደናቂው የደረሰበት ቦታ የሚደረስበት ሲመስል ነው። አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ያደረጉት፣ ከባድ ቢሆንም፣ ማንም ሰው ላደርገው እችላለሁ ብሎ ሊያስበው የሚችል ነገር ነበር። ብዙ ሰው ተከትሏቸዋልም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሩ የተስማማበት ሐዘን ነበር። ንጉሥን ግን ማንም «ነገ እንደሱ አደርጋለሁ» ብሎ አያደንቅም። የንጉሥ አድናቆት ሥራ ሌላ ነው፤ የወገን ምልክት ይሆናል።

ቴዎድሮስ፤ ከሞቱ በኋላ የተወደዱ ንጉሥ

አድናቆት ከተደናቂው ይልቅ በአድናቂው ዘመን እንዴት እንደሚወሰን ለማየት ከዳግማዊ ቴዎድሮስ የተሻለ ምሳሌ በታሪካችን አላውቅም።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሡ፤ ዘመነ መሳፍንት በእርሳቸው አበቃ ይባላል። ሰፊ አሳብ ነበራቸው፦ ደመወዝተኛ ጦር፣ አንድ ማእከል ያለው መንግሥት፣ በአገር ውስጥ የሚሠራ መድፍ። ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንን አስገድደው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው በሰው ጉልበት መቅደላ ድረስ አስጎተቱት። በሌላ በኩል የንግሥናቸው የኋለኛው ዘመን የአመፅና የቅጣት ዘመን ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወሰዱ። በመጨረሻዎቹ ቀናት መቅደላ ላይ በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞች ወደ ገደል ተወረወሩ። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ሲደርስ ንጉሡ የሚያዙት አገር እጅግ ጠቦ ነበር፤ እንግሊዞች በመንገዳቸው ያገኙት ሕዝብና መኳንንትም ብዙ አላስቸገራቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ያን ጊዜ ሰዉ ምን አለ? መልሱ እንደ ተናጋሪው ነው። የዘመኑ ጸሐፊዎች አንድ ድምፅ አልነበራቸውም። ለንጉሡ ቅርብ የነበሩት ደብተራ ዘነብ የጻፉት ታሪክ ያሞግሳል፤ ከንጉሡ ጋር የተጣሉት የጳጳሱ የአቡነ ሰላማ ወገን የነበሩት አለቃ ወልደ ማርያም የጻፉት በምሬት ይከሳል። ሕዝቡ ደግሞ በተለያየ አነጋገር የሚነገረውን ግጥም ገጠመ፤

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ግጥሙ ሥራቸውን ሁሉ አላወደሰም፤ አሟሟታቸውን ነው ያደነቀው። እጅ አለመስጠታቸውን ከሌላው ለይቶ ያዘና ያንን ብቻ አወደሰ። የጎንደር ሰው ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ተቃጠለ እያወቀ ይህን ግጥም ሊደግም ይችል ነበር።

የዛሬው ቴዎድሮስ፣ የአንድነቱ ሕልመኛና የሥልጣኔው ቀዳሚ፣ የተሠሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ አቤ ጉበኛ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ እያንዳንዱ በየፊናው ስለ እርሳቸው ጻፈ። ጊዜው ሲታሰብ ምርጫው አይገርምም። በዘር ሐረጉ በሚኮራ ዙፋን ሥር የሚጽፍ ደራሲ፣ ከዚያ ሐረግ ውጭ ተነሥቶ በክንዱ የነገሠ፣ ለሥልጣኔ የጓጓና ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሲያገኝ በእርሱ በኩል ስለ ራሱ ዘመን ብዙ መናገር ይችላል። በቀጥታ ቢናገር ግን ሳንሱሩ አያሳልፈውም ነበር። ጎንደር ከዚህ ሥዕል ጠፋች ማለት አይደለም፤ ነገር ግን የአሳዛኙ ጀግና የቁጣ ማብራሪያ ሆነች። የተቃጠለባቸው ሰዎች የእርሱ ታሪክ ውስጥ አንድ ትዕይንት ሆኑ።

ከዚህ የሚከተል አንድ የማይመች ነገር አለ። ከመቅደላ የተዘረፉት ቅርሶች ይመለሱ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ብቻ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገብተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ መቅደላ የደረሱት ቴዎድሮስ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበዋቸው ነው። ይህ የእንግሊዝን ዝርፊያ በምንም አያቀልልም። የቅርሱን ጉዞ ግን ከመቅደላ ብቻ የሚጀምር ትረካ ለአድናቆት ሲል የታሪኩን የመጀመሪያ ምዕራፍ ቆርጧል።

«በዘመኑ መለኪያ» የሚለው ክርክር

በእንዲህ ያሉ ሙግቶች ሁለት አቋሞች ይጋጠማሉ። አንደኛው የታሪክን ሰው በዘመኑ መለኪያ መዝኑት ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያለ ንጉሥ ሁሉ በጦር ያስገብር ነበር፤ የሰብአዊ መብት ድንጋጌ አልነበረም፤ የዛሬን ሕግ ወደ ኋላ ልኮ መፍረድ ሞኝነት ነው። ሁለተኛው ግፍ በማንኛውም ዘመን ግፍ ነው ይላል፤ «ዘመኑ ነው» ማለት ገዳይን ነጻ ማውጫ ዘዴ ነው።

የመጀመሪያው አቋም ጠንካራ ጎን አለው፤ የታሪክ ሙያ ራሱ የሚያዝዘው ነገር ነው። ደካማ ጎኑ ግን ብዙም ሲነገር አይሰማም። «ዘመኑ» አንድ መለኪያ ብቻ እንደ ነበረው አድርጎ ያቀርባል። ጎንደር የተቃጠለባቸው ካህናትም የዚያው ዘመን ሰዎች ናቸው፤ ድርጊቱ ነውር መሆኑን ለማወቅ የ21ኛውን ክፍለ ዘመን አልጠበቁም። በደቡብ የተዘመተባቸው ሰዎችም እንዲሁ የዘመናቸው መለኪያ ነበራቸው፤ በዜና መዋዕል አልተጻፈም እንጂ። ስለዚህ «በዘመኑ መለኪያ» ሲባል ከዘመኑ ሰዎች የየትኞቹ መለኪያ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ጸሐፊ የነበረው ወገን መለኪያ ነው።

የቆየው ባህላችን ራሱ ለትችት የተዘጋ አልነበረም። ዜና መዋዕል፣ ማለትም በቤተ መንግሥት ጸሐፊ የሚዘጋጅ የንጉሥ ታሪክ፣ ውዳሴ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የአፄ ዘርዓ ያዕቆብን ቢያነብ ይደነግጣል። ንጉሡ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያደረሱትን አሠቃቂ ቅጣት ይመዘግባል። አዝማሪም በሰምና ወርቅ ጌታውን እያወደሰ ይነካው ነበር። ፍጹም ነውር የሌለበት ጀግና የሚፈልገው ንባባችን፣ የጥንት ወግ ቢመስለንም፣ ከዘመናዊ ትምህርት ቤትና ከዘመናዊ መንግሥት ጋር የመጣ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው አቋም ደግሞ ሲለጠጥ ሰው ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል። ደጃዝማች ባልቻን እንውሰድ። በሕፃንነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤት አደጉ፤ ዐድዋ ላይ የጦር አዛዡ ገበየሁ ሲወድቅ ቦታውን ይዘው ተዋጉ፤

ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ።

በኋላ ሲዳሞን ገዙ። እዚያ የሠፈነው የገባር ሥርዓት ነበር፤ ገበሬው ለተሾመበት ወታደርና ባለሥልጣን ምርቱንና ጉልበቱን የሚሰጥበት አሠራር። ጣሊያን ዳግም ሲመጣ ሽማግሌው ባልቻ ወጥተው ሲዋጉ ሞቱ። አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አለ። የዐድዋው መድፈኛ፣ የሲዳሞው ገዥና በእርጅናው የተሠዋው አርበኛ አንድ ሰው ናቸው። በጦርነት የተማረከው ሕፃንም እርሳቸው ናቸው፤ በዘመቻዎቹ ውስጥ ተጎጂና አዛዥ በአንድ ሕይወት ሊገናኙ ይችላሉ። «ጀግና» ወይም «ጨቋኝ» ብሎ መጻፍ ይቀልላል፤ ከሁለቱ አንዱን የጻፈ ግን ከዚህ ሕይወት ግማሹን ጥሏል።

መንግሥት አድናቆትን እንዴት ይሠራል

የአደባባይ አድናቆት በራሱ አይበቅልም፤ ገንዘብ፣ ነሐስና ውሳኔ ይፈልጋል። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። የባህር ማዶ እንግዶች በተሰበሰቡበት ጊዜ አዲሱ ንጉሥ ራሱን ከዐድዋው ድል አድራጊ ጋር አያያዘ። ጣሊያኖች ከተማዋን ሲይዙ ሐውልቱን ነቅለው ቀበሩት፤ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደርግ ሌኒንን አቆመ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሌኒን ወረደ። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የካርል ማርክስ ራስ ግን ማንም ሳይነካው እስካሁን አለ፤ ለምን አንዱ ወርዶ ሌላው እንደ ቀረ የሚጠይቅም ብዙ የለም። በ2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር መሥመር ሲነሣ የሕዝቡ ስጋት ትልቅ ነበር። ተመልሶ እስኪቆም፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ጥርጣሬው አልቆመም። በነሐስ ላይ የሚሠራ መንግሥት ምን ጊዜም ይጠረጠራል።

የዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ሌላው ወገን የራሱን ውሳኔ እንዲወስን ይጋብዛል። በ2006 ዓ.ም. በአርሲ የአኖሌ መታሰቢያ ቆመ፤ በምኒልክ ዘመቻ እጅና ጡታቸው ተቆረጠ የሚባሉትን ሰዎች ያስታውሳል። ደጋፊዎቹ ዝም የተባለ ሐዘን ድምፅ አገኘ አሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ቂም በድንጋይ ተቀረጸ አሉ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት ሐረር ውስጥ የራስ መኮንን ሐውልት ፈረሰ፤ በዚያው ሰሞን በለንደን ዊምብልደን መናፈሻ የነበረው የልጃቸው የኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። ጊዜው ደግሞ በእንግሊዝ ብሪስቶል ሰልፈኞች የባሪያ ነጋዴውን የኤድዋርድ ኮልስተንን ሐውልት ወደ ወደብ ከወረወሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በጋናም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የማኅተመ ጋንዲ ሐውልት ከግቢያቸው እንዲነሣ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሥቷል፤ ምክንያታቸው ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ሳለ ስለ ጥቁሮች የጻፈው ነበር።

ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ፍጹም የተለየ መንገድ ሞክራለች፤ በገንዘቧ ላይ። እስከ አብዮቱ ድረስ የብር ኖቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ይዞ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ገንዘቡን ሲቀይር ንጉሡ ወጥተው ስም የሌላቸው ሰዎች ገቡ፦ ቡና ለቃሚ ገበሬ፣ ሰፌድ ሰፊ ሴት፣ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሰው። በ2013 ዓ.ም. የወጡት አዲስ ኖቶችም በስም የሚታወቅ ሰው መልክ የለባቸውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሦስት የተለያዩ ሥርዓቶች ይህን ሳይቀይሩ ቀርተዋል። የገበሬውን ምስል አንሡልን ያለ ሰልፍ እስካሁን አልወጣም።

ከሩቅ የሚያደንቁና ከቅርብ የሚያስታውሱ

የተደናቂው መልክ እንደ ቦታውም ይለያያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲገቡ የኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ በራስተፈሪያን ተጥለቀለቀ። ለእነዚያ ሰዎች፣ በባርነት ተግዞ ለነበረ ሕዝብ ልጆች፣ ዘውድ የደፋ ጥቁር ንጉሥ መኖሩ በራሱ ምሥራች ነበር። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያደረጉት ንግግርም በቅኝ ግዛት ሥር ለነበረው ዓለም የማይረሳ ነው። ከጃማይካው ጉብኝት ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥታቸው ረሃቡን ሸሽጓል ተብሎ ተከሰሱ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ወሎ ልጅ ለቀበረ ሰው የጄኔቫው ንግግር ምን ያደርግለታል? ኪንግስተን ላለ ሰውስ የወሎ ነገር እስከ ምን ይደርሰዋል? ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ይህ ልዩነት ወደ ፖሊሲ የገባው በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ነው። በ2004 ዓ.ም. አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ የኩዋሜ ንክሩማ ሐውልት ብቻ ቆመ። የኅብረቱ ቀዳሚ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት አስተናጋጅ የነበሩት ንጉሥ ለምን ተዘለሉ የሚል ቅሬታ ከአገር ውስጥም ከውጭም ተነሣ። የካቲት 2011 ዓ.ም. የኃይለ ሥላሴ ሐውልት በዚያው ግቢ ተመረቀ። አዲስ የታሪክ ግኝት አልተገኘም፤ የተለወጠው አዲስ አበባ ላይ ያለው መንግሥትና ከንጉሡ ዘመን ጋር ያለው ግንኙነት ነበር። በግሌ ሐውልቱ እዚያ ቦታ መቆሙ ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እዚያ የሚታወሰው የድርጅቱ ምሥረታ ነው፣ በዚያ ሥራ ደግሞ ድርሻቸው አያጠያይቅም። ያው ሐውልት ወሎ ላይ ቢቆም ሌላ ነገር ይናገራል።

ሥራውን ማድነቅ ወይስ ሰውየውን?

ከዚህ በመነሣት አንዳንዶች መፍትሔው ሥራን ማድነቅ እንጂ ሰውን ማድነቅ አይደለም ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ መሀል የተመረቀው መታሰቢያ የተሰየመው በዐድዋ ድል መሆኑን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳሉ፤ ድሉ የሁሉም ነው፣ ንጉሡ ግን የአንዱ ወገን ነው የሚባል ሙግት ይቀርባል ይላሉ።

ሐሳቡ ይስባል፤ ግን ያለ ችግር አይደለም። ሥራ ያለ ሠሪ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠፉት ቀድሞውንም ስማቸው ያነሰ ሰዎች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ የውኃ ምንጭ እንዲያዝ በማድረግ የተጫወቱት ሚና «የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን አስለቀቀ» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይሰምጣል። ከላይ የጠቀስኩት የመቅደላ ግጥም «የሴቱን አናውቅም» ብሎ ያለፈው አለማወቅ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ሌላው ችግር ሕፃናት ናቸው፤ ልጅ የሚማረው ከሰው ነው። ለሕፃን ስለ «ጽናት» ከመንገር አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን መሮጡን መንገር ይሻላል።

ስለዚህ ከስም መሸሽ አያዋጣም። የሚያዋጣ የሚመስለኝ ለእያንዳንዱ ተደናቂ አድናቆቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ጮክ ብሎ መናገር ነው፦ ሐውልቱ ላይ በጽሑፍ፣ መማሪያ መጽሐፉ ላይ በምዕራፍ። አብዛኞቹ ሐውልቶቻችን ስምና ዓመት እንጂ ምክንያት አይናገሩም። ምክንያቱ ባልተጻፈበት ቦታ ተመልካቹ የራሱን ይሞላል፤ አንዱ ዐድዋን፣ ሌላው አርሲን። በእርግጥ ጽሑፍ ቂምን አያጠፋም፤ አንዳንድ ሐዘን በማብራሪያ የሚመለስ አይደለም፣ የሚጠይቀውም ማብራሪያ ሳይሆን እውቅና ነው። ሙግቱ ግን ቢያንስ ስለ አንድ ነገር ይሆናል።

ነገሩ ወዴት ያመራል

አሁን ባለው አካሄድ ሐውልት የማቆምና በእርሱ የመቃቃር ነገር ይቀጥላል። እያንዳንዱ ክልል የራሱን ጀግኖች በራሱ በጀት ማቆሙ ተፈጥሯዊ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያልተነገረላቸው ሰዎች ስም ማግኘታቸውም ጥሩ ነገር ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አዲሶቹ ጀግኖችም እንደ ቀድሞዎቹ ያለ እንከን ሲቀረጹ ነው፤ ያን ጊዜ ስሕተቱ በሌላ ቋንቋ ተደገመ ማለት ነው።

በኢንተርኔት ላይ ደግሞ ሌላ ግፊት አለ። አጭር ቪዲዮ ከአንድ ሕይወት ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ ያ ሠላሳ ሰከንድ ወይ ሙሉ ውዳሴ ወይ ሙሉ እርግማን ሲሆን ይበልጥ ይታያል። የሞቱ መሪዎች ያልተናገሩት ጥቅስ በስማቸው መዞሩ የቆየ ችግር ነው። አሁን በኮምፒውተር የሚፈጠር ድምፅና ምስል ስለ ተጨመረ ከዚህ በኋላ ንጉሡ ራሳቸው ሲናገሩ «ማየት» ይቻላል። የፓራሶሻሉ ወዳጅነት ከዚህ በላይ ምቹ ጊዜ አላገኘም።

ይህን ሊቋቋም የሚችለው የመረጃን ምንጭ መጠየቅ የለመደ አንባቢ ነው፤ እርሱ የሚፈጠረውም ክፍል ውስጥ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የጋራ ትምህርት ሆኖ ሲዘጋጅ የተነሣው ክርክር ያተኮረው ማን ገባ፣ ማን ወጣ በሚለው ላይ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ሁለተኛ ደረጃ ነው። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ስለ አንድ ንጉሥ የጻፉትን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሁለቱ ለምን ተለያዩ?» ብሎ መጠየቅ ለአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ሥራ ነው። ሁለቱም ጽሑፎች ታትመዋል፤ ሁለቱም በአማርኛ ናቸው።